እጅ ወደ ኋላ

«ሊቀመንበር» የሚለው ስም የወጣለት በቀልድ ነበር። የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ ሲቋቋም አባላቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ወንበር ይተርፋቸው ነበር። ከመካከላቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ማስታወቂያ በነፃ ማተም የሚችል ሰው ይምራን ተባለ፤ አለቀ። ተወዳዳሪ አልነበረውም፣ ድምፅም አልተሰጠም። እሱ ግን ቀልዱን የምር አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ኮፒ ቤቱ ገብቶ ሳይጋበዝ የወጣ ደንበኛ የለም። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ «ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አለዎት?» ይባላል። አለኝ ቢልም የለኝም ቢልም ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ «ኮምፒውተር አስቸገረዎት? እኛንም አስቸግሮናል። ይምጡና አብረን እንቸገር!» ይላል። ይህን የጻፈው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው፤ ሲያነበው አሁንም ፈገግ ይላል። ፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ፣ ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ግድግዳ ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ የሚኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ሳይቀር ለጥፎታል።

«ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ ሰው አልጠራህም» ትለዋለች ባለቤቱ።

«ያኔ ማተሚያ አልነበረኝማ!» ይላታል።

ይህ ሁሉ ተለፍቶም ሰው አይመጣም። የክበቡ ክፍል ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ያለ የድሮ ጋዜጣ ማከማቻ ነው። መስኮቱ በታጠፈ ካርቶን ካልተወተፈ አይዘጋም፤ ፕሮጀክተሩ ጎኑን በመዳፍ መታ መታ ካላደረጉት አይበራም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሚገናኙት ያው የታወቁት ናቸው፤ ነርሷ፣ ሁለቱ ወንድማማች ኤሌክትሪሻኖች፣ አልፎ አልፎ ዝናብ ያስገባው መንገደኛ፣ እና ጋሽ ቀስበል።

ጋሽ ቀስበል እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መደናበር ሲጀምር ከኋላው ቆመው «ቀስ በል፣ ልጄ፣ ቀስ በል» ስለሚሉ ነው። ዕድሜያቸውን የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የጽሕፈት መኪና ዘመን ሲያልፍ ሱቃቸውን ዘጉና «እስቲ ገዳዩን ልየው» ብለው ኮምፒውተር መማር ጀመሩ። ሊቀመንበሩን ለዚህ ነገር ያበቁትም እሳቸው ናቸው። ያኔ ገና ኮፒ ቤቱን እንደከፈተ የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳም ብሎት፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አሁንስ በቡጢ ልበለው ሲል በበሩ ያልፉ ነበር። ገቡ፤ አዩት፤ ግን አልነኩትም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ክዳኑን ፍታው። ያችን ቀጭን ሰሌዳ አየሃት? ንቀላት። አፏን ጥረግና መልሳት» እያሉ በአፋቸው ብቻ አስነሱት። እርስዎ ቢያደርጉት አይፈጥንም ነበር ወይ ቢላቸው «እኔ ብነካው እኔ ተማርኩ፤ አንተ አየህ እንጂ ምን ተማርክ?» አሉት።

ይህ ነገር ኋላ የክበቡ ብቸኛ ሕግ ሆነ። «እጅ ወደ ኋላ» ይባላል። ሰው ሲቸገር ረዳቱ ከጀርባው ይቆማል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ በአፉ ብቻ ያስረዳል። የሌላ ሰው ማውስ መንካት ክልክል ነው። ነርሷ አንድ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ የአንዱን ኤሌክትሪሻን ማውስ ብትነጥቀው፣ ያን ቀን ሙሉ እጇን በሻሽዋ አስረው እያሳሳቁ አስቀምጠዋታል።

አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሊቀመንበሩን ቢሮዋ አስጠራችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ስትናገር እሷው ተሳቀቀች።

«ይኸውልህ ወንድሜ፣ ክፍሉን ለሕፃናት ማንበቢያ ፈልገነዋል። ለእፍኝ ሰው ብዬ ልይዘው አልችልም።»

«አንድ ዕድል ስጪኝ» አላት። «ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቀን እናዘጋጅ። መጥተሽ እዪ። ባዶ ከሆነ እኔው ራሴ ቁልፉን አምጥቼ አስረክብሻለሁ።»

እሺ አለችው። ሊቀመንበሩም እንቅልፍ አጣ። ሰው ምን ቢያይ ይመጣል? ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያለቅሰው ለጠፋበት ፎቶ መሆኑ ትዝ አለው። ኮፒ ቤቱ ስልካቸውን ይዘው የሚመጡ ደንበኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የተደመሰሰ ፎቶ ከሚሞሪ ካርድ ፈልቅቆ ማውጣት ደግሞ ከጋሽ ቀስበል የተሻለ የሚያውቅበት የለም።

ጋሽ ቀስበል ግን አንገራገሩ።

«እኔ ከኋላ ሆኜ ልናገር፤ ከናንተ አንዱ ይንካ» አሉ።

«ጋሼ፣ እንግዳ እኮ የሚመጣው ባለሙያ ሲሠራ ለማየት ነው። ያለ እርስዎ አይሆንም።»

«ሕጋችንስ?»

«ሕጉ የሰው ማውስ አትንኩ ነው የሚለው። እርስዎ የራስዎን ነው የሚይዙት።»

ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ መውሰድም ስለፈለገ ነው። በማግስቱ ያተመው ማስታወቂያ ላይ በትልልቁ «የጠፋ ፎቶዎ በሠለጠነ እጅ ሲመለስ በዓይንዎ ይዩ!» የሚል ጻፈበት። ቀለም አልቆጠበም።

ቀኑ ሲደርስ ክፍሉ ጢም አለ። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው የጋዜጣ ጥራዝ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ነርሷ ያዘጋጀችውን አሳየች፣ ወንድማማቾቹ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ሰውን አሳቁ። የመጨረሻው ተራ የጋሽ ቀስበል ነበር። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ «የልጄ ምርቃት ፎቶ ነበረበት፤ ጣቴ ነክቶ አጠፋው» ብላ ሚሞሪ ካርዷን ሰጠቻቸው።

ማውሱን ያዙ። ሁለቴ ጠቅ ሊያደርጉት የሚገባውን ፎልደር ጎትተው ሌላ ቦታ ጣሉት። መለሱት። እንደገና ሲሞክሩ ያልፈለጉት መስኮት ተከፈተ። ዘጉት። የማውሷ ቀስት በፕሮጀክተሩ ጎልታ ክንድ ታክላለች፤ ግድግዳው ላይ፣ ሁሉ እያያት፣ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ሳለ። የአንዱ ስልክ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች።

ነገሩ ለሊቀመንበሩ የእግር እሳት ሆነበት። «ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ» አለና በትከሻቸው በኩል አጎነበሰ። እጁን በእጃቸው ላይ ጫነ። ከዚያ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሣና እንደ ዕቃ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው። ጠቅ፣ ጠቅ፤ የልጅቷ ፎቶ ግድግዳውን ሞላው። ቆቧ ዘመም ብሎ፣ አበባ ታቅፋ ትስቃለች። ዳቦ ጋጋሪዋ እሪ ብላ አለቀሰች፤ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ጋሽ ቀስበል ከወንበሩ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁለት። ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲከቱ አየ። አይቶም አጎነበሰ፤ ጎንበስ ያለውም ለጭብጨባው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ሰመረ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሰመረ። ክፍሉ ለክበቡ ጸደቀ። ኃላፊዋ ተጨማሪ ወንበር አስመጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው በር ላይ ቆሞ ይማራል። አዳዲሶቹ አባላት ለሊቀመንበሩ አዲስ ስም አወጡለት፤ «ፈጣን እጅ» አሉት። በጠሩት ቁጥር በመርፌ የተጠቀጠቀ ያህል ይሰማዋል፤ ግን «አቤት» ይላል። ምን ይበል?

ጋሽ ቀስበል ግን ቀሩ። አንድ ቅዳሜ ቀሩ፣ በሚቀጥለውም ቀሩ። ሲጠየቅ «ትንሽ አሟቸዋል» አለ። ውሸቱ ከአፉ ሳያስበው ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ደጋገመው። ኮፒ ቤቱ ተቀምጦ አንድን ወረቀት ሁለት ጊዜ ኮፒ ያደርጋል፣ የደንበኛን መልስ ይረሳል። በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ጭብጨባው አይደለም። በመዳፉ ሥር የነበረው የሽማግሌው እጅ ነው፤ ቀላል፣ ሞቃት፣ እንደ ተያዘች ወፍ የሚርገበገብ።

ሕጉም ያን ቀን ሞተ። አዲሶቹ መጀመሪያ ያዩት ሊቀመንበሩ ከሰው እጅ ማውስ ሲወስድ ነው፤ ወግ መሰላቸው። አሁን ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሁሉንም ይነጥቃል። አንድ ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪዋ «ተወኝ እስቲ፣ እኔው ልሞክረው» እያለች አንዱ ቀልጣፋ ወጣት ማውሷን ነጠቃትና በአንድ አፍታ ጨርሶላት ሄደ። ሊቀመንበሩ «እጅ ወደ ኋላ!» ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በየትኛው ፊቱ ይበል? ዳቦ ጋጋሪዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም።

ምሳ ላይ ባለቤቱ ሳህኑን አየችና «ምን ሆነሃል? ሰው ሲጠፋ ትቆዝማለህ፣ ሰው ሲመጣም ትቆዝማለህ» አለችው። ነገራት። ሁሉንም ነገራት። ይህች ሴት ነገር ማለዘብ አታውቅበትም።

«ሰውየውን ለምነህ አወጣህና ሰው ፊት አዋረድካቸው። ከዚያ ደግሞ አሟቸዋል አልክ። ቀባሪ አልጠራህም እንጂ ምን ቀረህ?»

«ቤታቸው ልሄድ ነው» አለ።

«መቼ?»

መልሱን የሰጠችው ነርሷ ናት። በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ ብላ «ጋሽ ቀስበል ይህን ያህል ጊዜ ታመው ዝም ማለታችን ነውር ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ሁላችንም ሄደን እንጠይቃቸዋለን። እኔም የደም ግፊት መለኪያዬን እይዛለሁ» አለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ። ለሊቀመንበሩ ግን ሰዉ ሁሉ ፍራፍሬ ተሸክሞ ጤነኛ ሰው ቤት ሲገባ ታየው።

በማግስቱ ኮፒ ቤቱን ዘግቶ ሄደ። በሩን የከፈቱት የጋሽ ቀስበል ባለቤት ናቸው።

«ውይ ልጄ! ምነው እንዲህ ጠፋህ? ግባ፣ ግባ» አሉ አገላብጠው እየሳሙት። ምንም አልሰሙም ማለት ነው። መሳማቸው ከስድብ በላይ አቃጠለው።

ሳሎኑ እንደ ድሮው ነው። የጽሕፈት መኪና ቁርጥራጭ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ከመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን ነጭ ጨርቅ ተከናንቧል። ጋሽ ቀስበል ኮት ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ቤት ውስጥ ኮት!» አሉ እትዬ ሻይ እያቀረቡ። «እስቲ አንተ ንገርልኝ። ከኔ ጋር እንኳ አብረው መብላት ትተዋል። በኋላ፣ በኋላ ይሉኛል።»

እትዬ ወደ ጓዳ ገቡ። የሽማግሌው ሻይ እንደቀረበ ቀረ። ሊቀመንበሩ ስለ ክበቡ ያወራ ጀመር፤ ሰዉ በዝቷል፣ ወንበር መጥቷል፣ አዲስ ፕሮጀክተር ሊመጣ ነው። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

«ቀስ በል» አሉት።

ቆመ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን…»

«የትኛውን ቀን?»

«የትኛውን እንደሆነ ያውቁታል። በደልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ። ክፍሉ እንዳይወሰድ ብዬ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። ግን ለክፍሉ አልነበረም፤ አፍሬብዎት ነው። በርስዎ አፈርኩ።»

ጋሽ ቀስበል ሻዩን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ተቆጥቼ የቀረሁ መስሎህ ነው? ቁጣዬን ታውቀዋለህ፤ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቤት አይደርስም።» እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጣቶቹ ኮቱ ላይ ይርገፈገፉ ነበር። «ይሄ ከጀመረኝ ቆይቷል። ሱቄን የዘጋሁት የጽሕፈት መኪና ጠፍቶ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። ብሎን መያዝ አቅቶኝ ነው። ያኔ ኮፒ ቤትህ ገብቼ እጄን ወደ ኋላ ያደረግኩት ለምን ይመስልሃል?»

ሊቀመንበሩ የሚርገፈገፉትን ጣቶች አየ።

«ልደብቀው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ኋላ ሳየው ትምህርትም ሆነ፤ አንተ ደግሞ ሕግ አደረግከው። ደስ አለኝ። ሁሉም ሰው እጁን ወደ ኋላ የሚያደርግበት ክፍል! እዚያ ስገባ የኔ እጅ ከማንም እጅ አይለይም ነበር። ቀስ በል ስላቸውም ሽማግሌው ጠንቃቃ ነው አሉ፤ የሚንቀጠቀጥ ነው ያለኝ የለም። አንተ ነህ ግድግዳ ላይ ያወጣኸው።»

«እምቢ ሲሉኝ ምነው በሰማሁዎት» አለ ሊቀመንበሩ። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። «ቅዳሜ ሁሉም ባለበት ተነሥቼ እናገራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ፤ በሰው ፊት ያጠፋሁትን በሰው ፊት…»

«እንዳትሞክራት!» ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ከጓዳ የሳህን ድምፅ ቆመ። ዝቅ አደረጉት። «ተነሥተህ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰው የሚያየው አንተን መሰለህ? እጄን ነው የሚያየው። ‹ምን ሆኖ ነው የነጠቃቸው?› ይላል። አብዛኛው እኮ ያን ቀን ፎቶውን ነው ያየው። አንተ ተናግረህ ይቀልህ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የት እቀመጣለሁ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ዝም በል። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተ ግን ዝም በል።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። ሌላ መንገድ ስላልነበረው የቀረችውንም ተናገረ። ታመዋል ብሎ ማውራቱን፣ ክበቡ በሙሉ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው መሆኑን፣ ነርሷ የግፊት መለኪያ እንደምትይዝ ነገራቸው።

ጋሽ ቀስበል አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እሷ ልጅማ ከመጣች ክንዴን ሳታስር አትመለስም! እጅጌዎን ይሰብስቡ ልትለኝ!» ዓይናቸውን በግራ እጃቸው ጠረጉ። «እንግዲያው ሳይመጡብኝ እኔ እመጣለሁ። ሕጋችንን ግን ወደ ቦታው መልሰህ ጠብቀኝ።»

ሊቀመንበሩ ከዚያ በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪዋን ከዱቄቷ መካከል አስወጥቶ «አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጪኝ፤ ማንም አይነካብሽም» ብሎ ለመናት። አዲስ ማስታወቂያም አተመ። በዚህኛው ላይ የሠለጠነ እጅ የሚል የለበትም።

ቅዳሜ ጋሽ ቀስበል ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። ሰዉ ተነሥቶ «እንኳን ማረዎት!» አላቸው። «ተሽሎኛል፣ ተሽሎኛል» አሉ። ነርሷ መለኪያዋን ስታወጣ «እሱን ለሊቀመንበሩ አድርጊለት፤ ፊቱን አላየሽውም?» ብለው አሳቁባት። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮው እጅ ወደ ኋላ ነው። የሰው ማውስ የነካ እጁ በሻሽ ይታሰራል» አለ። ቀልጣፋው ወጣት «ፈጣን እጅስ?» ብሎ ጠየቀ። «ከሁሉም በፊት የሱ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ተቀመጠች። ጋሽ ቀስበል ከጀርባዋ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ቀስ በይ፣ ልጄ። አልሸሸም፣ እዚያው ነው። አሁን ጠቅ አድርጊው» ይሏታል። ትስታለች፤ አይቆጡም። ደግማ ትስታለች፤ ንቅንቅ አይሉም። ብዙ ቆይታ የልጇን ፎቶ በገዛ ጣቷ ከፍታ፣ ባለችበት ወንበር ላይ ዞር ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። ሰዉ አጨበጨበ።

ሊቀመንበሩ በሩ አጠገብ፣ ከሽማግሌው በስተጀርባ ነበር የቆመው። እሱ ካለበት የሚታየው ሌላ ነው። የጋሽ ቀስበል ግራ እጅ የቀኛቸውን አንጓ ጨምድዶ ይዟል፤ ጣቶቹ ደም አጥተው ነጥተዋል። ከጭምደዳው በታች የቀኝ እጃቸው ጣቶች ይርገበገባሉ። ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደና በትከሻው ከለላቸው።

ቀልጣፋው ወጣት ጠጋ ብሎ በጆሮው «አየህልኝ ትዕግሥታቸውን? ይህን ሁሉ ጊዜ እጃቸው አንዴም ወደ ማውሱ አልሄደ! እንዴት ነው የቻሉት?» አለው።

ሊቀመንበሩ ከሽማግሌው ጀርባ ፈቀቅ አላለም።

«ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው» አለ።